ጉድጓዱን በነሐሴ ለኩት፦ የጅማና አካባቢዋን የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ከብክለት መጠበቅ

በጅማ ከተማ ዳር ባሉ ሰፈሮችም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ብዙ ግቢ የራሱ ጉድጓድ አለው። ቧንቧ በገባበት ቤት እንኳ ውሃ ሲጠፋ የሚሮጠው ወደ ጉድጓዱ ነው። ጉድጓድ የሚቆፈረው ብዙውን ጊዜ በበጋ፣ ውሃው ወደ ታች በራቀበት ጊዜ ነው፤ ይህ ትክክል ነው፣ በጥር ውሃ ያገኘ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ በቀላሉ አይደርቅምና። ጣጣው ሽንት ቤቱም በዚያው በበጋ መቆፈሩ ነው። በጥር ታቹ ደረቅ ሆኖ የታየ የአራት ሜትር ሽንት ቤት በነሐሴ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ይሞላል። ያን ጊዜ ሽንት ቤቱና ጉድጓዱ አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅባት ከተማ ስለሆነች በበጋና በክረምት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ክሎሪን ከመግዛት፣ ሲሚንቶ ከማስመጣት በፊት የሚሠራው ሥራ መለካት ነው።

ሲባጎ ጫፍ ላይ ብሎን ወይም ድንጋይ እሰሩ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይቀዳ ወደ ጉድጓዱ አውርዱትና ውሃውን ሲነካ ሲባጎውን ከመሬት ወለል ልክ ያዙት። አውጥታችሁ በሜትር ለኩ። ጉድጓዱ ከመሬት ከፍ ያለ አፍ ካለው ከአፉ ላይ ለክታችሁ የአፉን ቁመት ቀንሱ፤ የምትፈልጉት ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ነው። በወር አንድ ጊዜ መለካት ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ግን የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም አጋማሽ አይለፉ። ውሃው ከፍ ብሎ የሚታየው ዝናቡ በበረታበት ሳምንት ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ቀዩ አፈር ውሃውን ወደ ታች የሚያሳልፈው ቀስ እያለ ነውና። ቁጥሩን ከነቀኑ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

የሽንት ቤቱ ጥልቀት የሚወሰነው ከዚህ ቁጥር ነው። የሽንት ቤቱ ታች ከክረምቱ ውሃ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። በነሐሴ መጨረሻ ውሃው 5 ሜትር ላይ ከተገኘ ሽንት ቤቱ ከ3 ሜትር አይለፍ። 3 ሜትር ላይ ከተገኘ አንድ ሜትር ብቻ ቆፍራችሁ የቀረውን ከመሬት በላይ በብሎኬት ገንቡት፤ ደረጃ ያለው ሽንት ቤት ይሆናል፣ ምንም አይደል። ቀድሞ በጣም ጠልቆ የተቆፈረ አዲስ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካላችሁ ቀይ አፈር እየመለሳችሁ፣ እያረጠባችሁና እየጠቀጠቃችሁ ከፍ አድርጉት። ሌላም አለ፦ ቆፋሪው ቀዩን አፈር ጨርሶ የተሰባበረ ድንጋይ ላይ ከደረሰ እዚያው ይቁም። ቀይ ሸክላ አፈር ጀርም አጣርቶ ያስቀራል፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን ውሃ የሚሮጥበት መንገድ ነው፣ 30 ሜትርም አያድንም።

ስለ 30 ሜትር ካነሳን፣ በሽንት ቤትና በጉድጓድ መካከል የሚመከረው ዝቅተኛ ርቀት ይህ ነው፤ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ በታች በኩል ይሁን። ተዳፋት መሬት ላይ ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው የመሬቱን ቁልቁለት ተከትሎ ይሄዳል። አሥር በሃያ ሜትር በሆነ የከተማ ቦታ ላይ ግን 30 ሜትር የሚባል ነገር የለም። የእናንተ ሽንት ቤት ቢርቅ የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ሥር ነው፤ አጥር ደግሞ ውሃ አይከለክልም። እንዲህ ባለ ሰፈር እውነቱን መቀበል ይሻላል፦ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለከብት ይሁን፤ የሚጠጣው ከቧንቧ ይምጣ፣ ወይም ሁልጊዜ ይታከም። የአጥር ጎረቤቶች ተነጋግረው ሽንት ቤቶቹን በአንድ ወገን፣ ጉድጓዶቹን በላይኛው ወገን ማድረግ ከቻሉ ብዙ ይቀላል። የዕድር ስብሰባ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው።

ላይኛው 3 ሜትር

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚበከለው በአመዛኙ ከላይ ነው፦ በአፉ፣ በባልዲው፣ በላይኛው ግድግዳ። በዝናብ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ መስታወት ያዙና ብርሃኑን ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ መልሱት። ከባትሪ መብራት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ከላይኛው ቱቦ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው የኮንክሪት ቀለበት) መጋጠሚያ የሚወርድ የጭቃ መስመር፣ አረንጓዴ ሽበት፣ ሾልኮ የገባ ሥር፣ ወይም ከውሃው ወለል በላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ካያችሁ መግቢያው እሱ ነው። ያንን ሳትደፍኑ ክሎሪን ብትጨምሩ የሚቆየው እስከ ሚቀጥለው ዝናብ ነው።

አዲስ ጉድጓድ ሲሠራ በቱቦውና በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ከመሬት ወለል እስከ 3 ሜትር በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይደፈናል፤ የላይኞቹ ቱቦዎች መጋጠሚያም በአንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ይለሰናል። ውሃው የሚገባው ከታች ስለሆነ የታችኞቹ መጋጠሚያዎች አይነኩ። ባረጀ ጉድጓድ ዙሪያ 3 ሜትር መቆፈር ግን ግድግዳውን ይንዳል፣ ሰውም ይቀብራል። ለእሱ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በዙሪያው ቆፍራችሁ ሸክላውን በ15 ሳንቲ ሜትር ንብር እየጨመራችሁ፣ እያረጠባችሁ፣ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። አፈሩን ለመምረጥ ጥቂት አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መካከል አሹት፤ የእርሳስ ያህል ቀጥኖ ሳይሰነጠቅ ከተጠቀለለ ይሆናል። ከረግረግ ዳር የሚመጣውን ጥቁር መረሬ ግን አትጠቀሙ። እርጥብ ሳለ ጥሩ ይመስላል፤ በጥር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣና የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በዚያው ይወርዳል።

የጉድጓዱ አፍ ከሊሾው (በዙሪያው ከሚፈሰው የሲሚንቶ ወለል) በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይነሳ። ክዳኑ ቆርቆሮና ድንጋይ መሆን የለበትም፤ ቆርቆሮ ይዝጋል፣ አይጥ ያስገባል፣ በላዩ የተንከባለለውን ዝናብ ሁሉ ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የተሰካካበት ኮንክሪት ክዳን አስጥሉ። መግቢያው 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጠርዙ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ መሸፈኛው ያንን ጠርዝ አልፎ ወደ ታች ይውረድ፣ ይቆለፍም።

ሊሾው ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ይቆጥብና ኋላ ሁለቴ ያወጣል። 1.2 ሜትር ስፋት ላለው ጉድጓድ (ከነቱቦው 1.4 ሜትር) በዙሪያው 1.5 ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ 1.4 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ይፈልጋል፦ አንድ ለሁለት ለአራት ሲቦካ ባለ 50 ኪሎ 9 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 0.6 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 1.2 ሜትር ኩብ ጠጠር። አቅም ካነሰ ስፋቱን ወደ አንድ ሜትር አውርዱት፣ 5 ከረጢት ይበቃል፤ ውፍረቱን ግን አትንኩ። ከሥሩ ልቅ አፈር ተጠርጎ 15 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይደርደርና ይጠቅጠቅ። ሊሾ የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ በቅርብ በተሞላ አፈር ላይ ስለሚፈስ ነው፤ አፈሩ ይሰጥማል፣ ሊሾው ከጉድጓዱ አፍ ጋር በሚገናኝበት መስመር ይላቀቃል፣ የታጠበ እግርና የታጠበ ጀሪካን ውሃ ሁሉ በዚያ ቀጭን መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይገባል። ወለሉ ከጉድጓዱ ወደ ውጭ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፣ ዳሩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከንፈር ይኑረው። ከፈሰሰ በኋላ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ውሃ አጠጡት። ስንጥቅ ያለበትን አሮጌ ሊሾ በላዩ ላይ መለሰን አይበጀውም፤ ስንጥቁን በመሮ አስፍታችሁ፣ አጥባችሁ ነው የሚሞላው።

ከሊሾው የሚወጣው ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ይሂድ። መጨረሻው ላይ ሙዝ ወይም ጎደሬ ተከሉ፤ ውሃውን ይጠጡታል፣ ጭቃም አይኖርም። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ከዚያም አልፎ ይሁን።

ባልዲ ካላችሁ አንድ ባልዲ ብቻ ይኑር፣ ተሰቅሎ ይደር፣ መሬት አይንካ። የገመድ ፓምፕ ይሻላል፤ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ከሁሉ ይሻላል፣ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይስባል፣ ገመድም እጅም ወደ ውሃው አይደርስም። ጠዋት ብዙ ጊዜ ሳይመታ ውሃ የማያወጣ ከሆነ የታችኛው ቫልቭ ጎማ አልቋል። ከላይ ውሃ እየጨመሩ ማስነሳት ልማድ ከሆነ ግን ያ የተጨመረው ውሃ የማን ጀሪካን እንደነበረ አይታወቅም። ጎማዎቹን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በፊት ቀይሩ።

ክሎሪን

ጉድጓድ ከተጠገነ፣ ጎርፍ ከገባበት ወይም እንስሳ ከወደቀበት በኋላ ክሎሪን ይደረግበታል። መጠኑ ከውሃው ብዛት ይሰላል። 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ እያንዳንዱ ሜትር ውሃ 1,130 ሊትር ያህል ነው። ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር ከ65 እስከ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 80 ግራም፣ ወይም 5 በመቶ የሆነ አዲስ በረኪና አንድ ሊትር ያስፈልጋል። ሁለት ሜትር ውሃ ካለ 180 ግራም ዱቄት ወይም 2.3 ሊትር በረኪና ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ለወራት የቆመ በረኪና ግማሽ ኃይሉን አጥቷል፤ ሽታ የተጨመረበትም ለጉድጓድ አይሆንም።

መጀመሪያ ውሃውን አውጡ፣ ደለሉን ጥረጉ። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ዱቄቱን በ10 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ አሟሙት፤ ውሃው ላይ ዱቄቱን ጨምሩ እንጂ ዱቄቱ ላይ ውሃ አታፍስሱ። አጥልላችሁ ንጹሑን በግድግዳው ዙሪያ እያፈሰሳችሁ አውርዱ፣ በባልዲ አማስሉ፣ ለ12 ሰዓት ያህል ዘግታችሁ አቆዩት። በማግስቱ የክሎሪኑ ሽታ እስኪለቅ ድረስ ቀዱና ድፉ፤ ወደ አዌቱም ሆነ ወደ ሌላ ወንዝ አይፍሰስ፣ ዓሣና ትል ይጨርሳል። የአዝርዕት ማሳ ላይም አይደፋ።

ጉድጓድ ውስጥ ስለመውረድ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ለወራት የተዘጋ ጉድጓድ አየሩ ሊያልቅ ይችላል። ሻማ ወይም ፋኖስ በገመድ አውርዱ፤ ከጠፋ ማንም አይውረድ። ባይጠፋም ወራጁ ወገቡ ላይ ገመድ ይሰር፣ ከላይ ሁለት ሰው ይያዝ። የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ገዳይ ነው፤ ጭሱ ሽታም ምልክትም የሌለው መርዝ አለበት፣ ሻማውም አያሳየውም። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣ የወረደው ሁለተኛ ይሞታል። ክሎሪን ከተጨመረ በኋላም አይወረድም።

የቡና እጣቢ

የጅማ ዞን የራሱ የሆነ ጣጣ ይህ ነው። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ቡና የሚታጠበው ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ነው፤ ልክ የከርሰ ምድር ውሃው ገና ከፍ ብሎ ባለበት ጊዜ። እጣቢው ጣፋጭና ሙጫማ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይኮመጥጣል። ወደ መሬት ሲሰርግ አፈር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ኦክስጅን ሲያልቅ በቀዩ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ይሟሟና ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ውሃው ሲቀዳ ንጹሕ ይመስላል፣ ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ወደ ዝገት ቀለም ይዞራል፣ ነጭ ልብስ ቢጫ ያደርጋል፣ የረግረግ ሽታ ይኖረዋል። ማፍላት ይህን አያስወግድም። ክሎሪንም ከብረቱና ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ያልቅና ጀርም የሚገድለው አይተርፍም።

መፈልፈያውና የእጣቢው ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ በታች በኩል፣ ቢቻል 100 ሜትር ርቀው ይሁኑ። የእጣቢው ጉድጓድ ታችና ጎን በ30 ሳንቲ ሜትር በተጠቀጠቀ ሸክላ ይለበጥ፣ የጎርፍ መከላከያ ቦይም ከላዩ ይቀደድ፤ አለዚያ የጥቅምት ዝናብ አንዴ ይሞላውና ያፈሰዋል። አንዱ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጉድጓድ በተከታታይ ቢሆን ደለሉ በመጀመሪያው ይቀራል። የመጨረሻው ውሃ ከመለቀቁ በፊት ኮምጣጣነቱ በኖራ ይስተካከላል። ገለፈቱ በባዶ መሬት ከተከመረ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ከእጣቢው አይሻልም፤ በተጠቀጠቀ ወለል ላይ ከፍግና ከአፈር ጋር ንብር እያደረጋችሁ፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እያገላበጣችሁ፣ በላስቲክ ከዝናብ ከልላችሁ ብስባሽ አድርጉት። ለቡናው መልሶ ይጠቅማል።

ጫት ወይም ጎመን የሚረጩ ሰዎች የጀርባ መርጫቸውን ጉድጓድ አጠገብ አይጠቡ። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ ያለቀለቁትን እዚያው ማሳ ላይ መርጨት ነው መንገዱ። ጋራዥና ላቫጆ ባለበት ሰፈር የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ይጠራቀም፤ መሬት ላይ የተደፋ ዘይትና በጀሪካን ሲቸረቸር የሚፈስ ቤንዚን ዓመታት ይቆያል፣ አንዴ ጉድጓድ ከገባ በቤት ውስጥ ማከሚያ የለውም።

ምንጭ

ምንጭን ማጎልበት ከጉድጓድ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሃው ከታየበት ቦታ ጀምራችሁ ወደ ተዳፋቱ እየቆፈራችሁ ውሃው ከድንጋዩ ወይም ከጠንካራው አፈር እስከሚወጣበት ዐይኑ ድረስ ሂዱ። ዐይኑን በታጠበ ድንጋይና ጠጠር ሸፍኑ፣ በጠጠሩ ላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የተጠቀጠቀ ሸክላ፣ ከዚያ አፈርና ሣር። ከፊት ለፊት የሚሠራው ግድግዳ ውሃውን እንዳያግተው ተጠንቀቁ፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ውሃው ከዐይኑ ከፍታ በላይ ሲታቆር ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ምንጩም ይሸሻል። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦ ከዐይኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ከመቅጃው ቱቦ ይስፋ፣ አፉም በወንፊት ይሸፈን። መቅጃው ውሃው ከሚጠራቀምበት ሳጥን ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ደለል እንዳይወስድ።

እንደ ጂሬን ባሉ ተዳፋቶች ከላይ ያለው የሚያደርገው ከታች ያለውን ይነካል። ከምንጩ 10 ሜትር በላይ የጎርፍ ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ጎን አሳልፉት፣ አጥር እጠሩ፣ ከላይ በኩል 50 ሜትር ውስጥ ሽንት ቤትና በረት አይኑር። ባሕር ዛፍ ከምንጭ 20 ሜትር ውስጥ አትትከሉ፤ ጥልቀት የሌለውን ውሃ በበጋ ይጨርሰዋል። ሾላና ዋንዛ ይሻላሉ፣ እነሱም ግን ሥራቸው ግንቡን እንዳይሰነጥቅ 5 ሜትር ይራቁ። እንደ ቦዬ ያለ ረግረግ ቦይ ተቀዶለት ሲደርቅም በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶች ውሃ አብሮ ይወርዳል፤ በነሐሴና በጥር የጻፋችሁት ቁጥር ይህንን ዓመት በዓመት ያሳያችኋል።

ማስመርመር

ውሃ የሚመረመርበት ምርጥ ጊዜ ከከባድ ዝናብ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው። በጥር ንጹሕ የወጣ ውጤት ስለ ነሐሴ ምንም አይናገርም። ላቦራቶሪው በሚሰጠው የተቀቀለ ጠርሙስ ውሰዱ፤ የፓምፑን አፍ በእሳት አቃጥላችሁ፣ ለሁለት ደቂቃ አፍስሳችሁ፣ የጠርሙሱን ውስጥና የክዳኑን ውስጥ ሳትነኩ ሙሉ። በበረዶ ሳጥን በ6 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ዜሮ መሆን አለበት። ሕፃን በጡጦ የሚመገብ ካለ ናይትሬትም ይመርመር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት ያለበትን ውሃ ማፍላት ያባብሳል፣ ውሃው ይተንና ናይትሬቱ ይቀራልና። ለጀርም ግን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይበቃል። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አጥልሉት።

የማትጠቀሙበትን አሮጌ ጉድጓድ ቆሻሻ መጣያ አታድርጉት፤ የሰፈሩን ውሃ በሙሉ የሚበክል ቀዳዳ እሱ ነው። እስከ ውሃው ከፍታ በታጠበ ጠጠር ሙሉት፣ ከዚያ በላይ ሸክላ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብር እየጠቀጠቃችሁ ወደ ላይ አምጡ። የላይኛውን አንድ ሜትር ቱቦ አውጥታችሁ ሸክላውን ከጉድጓዱ አፍ አስፍታችሁ ጨርሱት፣ መሬቱም በትንሹ ጉብ ይበል። ከአንድ ክረምት በኋላ ይሰጥማልና ጨምሩበት።